ኮማ ፍለጋ ቀረልኝ፦ ከጄኪው ጋር የከረምኩበት ጉዳይ

ሥራዬ ሲስተም ከሲስተም ማገናኘት ነው። አንዱ ወገን ዳታ አለው፣ ሌላው ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ዳታ የሚያስገባበት በር) አለው፣ መሀል ላይ እኔ ተቀምጬ ጄሰን፣ ማለትም ሲስተሞች ዳታ የሚለዋወጡበትን የጽሑፍ ቅርጽ፣ እልካለሁ። ጠዋት እልካለሁ፣ ከሰዓት እልካለሁ፣ አንዳንዴ በህልሜም እልካለሁ። ሰርቨር «400» (የላክሽው ጥያቄ የተሳሳተ ነው) ሲለኝ ልቤ ድንግጥ ማለት ካቆመ ቆይቷል።

ዛሬ የማወራላችሁ ጄኪው (jq) ስለምትባል ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ነው። ነጻ ናት፣ ኮዷም ክፍት ነው። ስቲቨን ዶላን የሚባል ፕሮግራመር ነው በ2012 ለሕዝብ ያወጣት። አንድ ፋይል ብቻ ናት፤ አውርዶ ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ የምትጠይቀው ነገር የለም። ብዙ ሰው የሚያውቃት የተዝረከረከ ጄሰን አስተካክላ በቀለም ስለምታሳይ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ብቻ ነበር የምጠቀምባት። ዋናው ችሎታዋ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ያወቅኩት ተቃጥዬ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የደንበኛ መዝገቦችን ወደ ሌላ ድርጅት ኤፒአይ ማሻገር ነበረብኝ። በባሽ፣ በተርሚናሉ የትእዛዝ ቋንቋ፣ ስክሪፕት ጻፍኩ። ጄሰኑን በእጄ ገጣጠምኩት፦ ኮቴሽን (የጥቅስ ምልክት) ክፈት፣ ስሙን አስገባ፣ ኮቴሽን ዝጋ፣ ኮማ፣ ቀጥል። ሞከርኩት፣ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ መቶ ምናምን መዝገቦች ሰተት ብለው ገቡ። ከዚያ አንዱ 400። ቀጥሎ ያለው ገባ። ከዚያ ደግሞ 400። ሰርቨሩ የሚመልሰው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጥያቄው የተሳሳተ ነው»። ምኑ ነው የተሳሳተው? እሱን አይናገርም።

ዓይኔ እስኪፈዝ አፈጠጥኩበት። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እስቲ የላክሽውን ራሱን አሳዪኝ፣ ስክሪፕቱን ተይው» አለኝ። አወጣሁለት፦

{"ስም": "ሰላም", "ማስታወሻ": "በሩ ላይ "አታንኳኩ" የሚል ተለጥፏል"}

ይታያችኋል? ማስታወሻውን የጻፈው ሰው «አታንኳኩ» የሚለውን በጥቅስ ምልክት ከቦታል። እሱ ምን አጠፋ? አማርኛውን በደንብ ጻፈ። ጄሰን ግን ያንን ኮቴሽን ሲያይ «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «አታንኳኩ» ለእሱ ባዕድ ነገር ነው። መሆን የነበረበት እንዲህ ነው፦

{"ስም": "ሰላም", "ማስታወሻ": "በሩ ላይ \"አታንኳኩ\" የሚል ተለጥፏል"}

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ኮቴሽኖች እያንዳንዳቸው ከፊታቸው የኋላ ስላሽ ይፈልጋሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አድራሻ ሲሞሉ መሀል ላይ ኤንተር የሚጫኑ ሰዎች አሉ። ከሌላ ቦታ ኮፒ ሲያደርጉ ታብ ይዘው የሚመጡ አሉ። ጄሰን በስትሪንግ (በኮቴሽን በተከበበ ጽሑፍ) ውስጥ ጥሬውን የአዲስ መስመር ምልክትም ጥሬውን ታብም አይቀበልም። የኋላ ስላሽ ራሱም ሌላ የኋላ ስላሽ ይፈልጋል። እኔ አንዱን ጉድጓድ ስደፍን ሌላው ይከፈታል። ሁለት ቀን ሄደብኝ።

ያው ባልደረባዬ ነው «ለምን በእጅሽ ትጽፊዋለሽ? ጄኪው ትጻፈው» ያለኝ። ትጻፈው? እሷ የምታሳይ እንጂ የምትጽፍ አልመሰለኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳሽ ኤን የሚለውን ትሰጧታላችሁ፤ ይህ «የሚነበብ ነገር አልሰጥሽም፣ ከባዶ ጀምሪ» ማለት ነው። ከዚያ በዳሽ ዳሽ አርግ ተለዋዋጩን ታቀብሏታላችሁ፤ መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ዋጋውን። የጄሰኑን ቅርጽ አንድ ጊዜ ትጽፉና ዋጋው የሚገባበት ቦታ ላይ የተለዋዋጩን ስም በዶላር ምልክት ታስቀምጣላችሁ። ኮቴሽን ቢኖርበት፣ ኤንተር ቢኖርበት፣ ስላሽ ቢደረደርበት፣ እሷው ትጠብቀዋለች። እኔ ኮማ አልቆጥርም። ያንን ስክሪፕት በዚህ መንገድ ስጽፈው ከ40 መስመር ወደ 11 ወረደ። የደፈንኳቸው ጉድጓዶች ሁሉ አብረው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ብታውቁት ይሻላል ባይ ነኝ። ዳሽ ዳሽ አርግ የሰጣችሁትን ሁሉ ስትሪንግ ያደርጋል። ብዛቱ 5 ከሆነ "5" ሆኖ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ልኬ ሰርቨሩ 422 መለሰልኝ። ጄሰኑ ልክ ነው፣ ይዘቱ ግን አልጣመኝም ማለቱ ነበር። ለቁጥር፣ ለእውነትና ለሐሰት፣ ለባዶ ዋጋ አርግጄሰን የሚባል ለብቻው አለ። ሁለቱን መለየት ከለመዳችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ለመላኩ ከርልን (ከተርሚናል ጥያቄ የሚልክ ፕሮግራም) ነው የምጠቀመው። እዚህም ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። ከርል ላይ ዳሽ ዲ ብላችሁ ብቻ ጄሰን ስትልኩ ሄደሩ «ይህ ፎርም ነው» ይላል፣ ቦዲው ግን ጄሰን ነው። ፖስታው ላይ አንድ ተጽፎ ውስጡ ሌላ እንደማለት። ጠንቃቃ ሰርቨር 415 (ይህን ዓይነት ይዘት አልቀበልም) ብሎ ይመልሳል። ቸልተኛው ደግሞ ዝም ብሎ ተቀብሎ ባዶ መዝገብ ይፈጥራል፤ ይሄኛው ይብሳል። በመጋቢት 2022 ከወጣው 7.82.0 ቨርዥን ጀምሮ ከርል ራሱ ዳሽ ዳሽ ጄሰን የሚል አማራጭ አለው። ሄደሩን በትክክል ይሞላል፣ መልሱም በጄሰን እንዲመጣ ይጠይቃል። ጄኪው የሠራችውን በፓይፕ ለከርል ማቀበል ነው፤ ቀጥታ ይሄዳል። የኔ ሥራ ዘጠና በመቶው ይኸው አንድ መስመር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ማረሙ ልምጣ። የተበላሸ ጄሰን ስትሰጧት ጄኪው መስመሩንና ዓምዱን ጠቅሳ ትነግራችኋለች። አነጋገሯ ደረቅ ነው፤ «እዚህ ጋ መለያ ጠብቄ ነበር» ዓይነት። ግን ቦታውን ማወቅ በቂ ነው። አማርኛ ኪቦርድ ለምንጠቀም ሰዎች ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኪቦርዱን መቀየር ረስቼ በኮማ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ ስንት ጊዜ እንዳስገባሁ አትጠይቁኝ። ፣ በስትሪንጉ ውስጥ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። በሁለት ፊልዶች መካከል ከገባ ግን አለቀ። በሁለት ነጥብ ፋንታ ፡ ሲገባማ ጉድ ነው፤ በአንዳንድ ፎንት ሁለቱ መንትያ ናቸው። ሌላው ባላጋራ የጽሑፍ ማቀናበሪያ ነው። የኤፒአዩን ምሳሌ በዶክመንት ልከውላችሁ ከዚያ ኮፒ ስታደርጉ ቀጥ ያለው ኮቴሽን ጎብጦ “ ሆኖ ይመጣል። በዓይን ያምራል፣ ጄሰን ግን አያውቀውም።

ባለፈው አንዱ «ጄሰኑ ይኸው» ብሎ ላከልኝ። ሳየው ኮቴሽኖቹ ሁሉ ነጠላ ናቸው። በፓይተን ቋንቋ ዲክሽነሪ የሚባለውን ዳታ እንዳለ ፕሪንት አድርጎ ነው የላከው። ይመስላል፣ አይደለም። ጄኪው ገና የመጀመሪያው ፊልድ ስም ላይ ነበር የመለሰችው።

ስለ አማርኛ ካነሳን፣ የጄሰን ደንብ የሆነው አርኤፍሲ 8259 ከ2017 ጀምሮ በሲስተሞች መካከል የሚሄድ ጄሰን በዩቲኤፍ 8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው አጻጻፍ) ይሁን ይላል። ስለዚህ የፊልድ ስም ጭምር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ላይ አስተካክዬ ያሳየኋችሁ ምሳሌ ትክክለኛ ጄሰን ነው። ጄኪውም ፊደላችንን አታበላሽም፣ እንዳለ ታሳያለች። ርዝመት ስትጠይቋት "ሰላም" 3 ትላለች፤ በባይት ስትጠይቋት 9። ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል፤ የቦዲውን ርዝመት በሄደር የሚጽፍ ኮድ ፊደል ቆጥሮ 3 ብሎ ከጻፈ መልእክቱ መሀል ላይ ይቆረጣል።

ግን ቅር የሚለኝም እዚሁ ላይ ነው። የላቲን ፊልድ ለማውጣት ነጥብ አድርጎ ስሙን መጻፍ ይበቃል። የአማርኛ ፊልድ ከሆነ ግን ነጥብ ብቻ አይሠራም፤ ስሙን በኮቴሽን መክበብ ግድ ነው፦ ."ስም" እንዲህ። ተለዋዋጭ ስም ደግሞ በአማርኛ ጨርሶ አይሆንም። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን መጀመሪያ ስትገጥማችሁ ጥፋቱ የናንተ ይመስላችኋል።

ከዚህ የሚከብደው የቁጥር ጉዳይ ነው። አሮጌው የጄኪው ቨርዥን 1.6 ትልልቅ ቁጥሮችን ያጠጋጋል። 9007199254740993 ስትሰጡት 9007199254740992 ብሎ ይመልሳል። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የመጨረሻዋ 3 ዝም ብላ 2 ትሆናለች። ይህ ቁጥር የአንድ ሰው መለያ ቢሆን አስቡት፤ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። 1.7 ይህን አስተካክሏል፣ ቁጥሩን ካልነካችሁት እንዳለ ያሳልፈዋል። ስሌት ከሠራችሁበት ግን እንደገና ይጠጋጋል። ያስተከዘኝ ጊዜው ነው፦ 1.6 በ2018 ወጣ፣ 1.7 የመጣው በ2023። አምስት ዓመት! መሀል ላይ ፕሮጀክቱ የሞተ መስሎን ነበር። አሁን አዳዲስ ሰዎች ይዘውታል፣ ነፍስ ዘርቷል። ከመጫናችሁ በፊት ግን ቨርዥኑን እዩ፤ በየሰርቨሩ አሮጌው ተኝቶ ይገኛል። እኔ ደግሞ ረጅም መለያ ቁጥር ሁሉ ስትሪንግ ይሁን ባይ ነኝ፤ ማንም ደምሮት አያውቅም።

ሌላም አለ። አንድ ፊልድ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ጄኪው ቅሬታ የላትም፣ የኋለኛውን ይዛ የፊተኛውን ትጥላለች። ሁለት ጄሰን ተከታትለው በአንድ ፋይል ቢመጡም ደስ ብሏት ሁለቱንም ታነባለች፤ ሰርቨሩ ግን አንድ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ «ጄኪው አሳልፋዋለች» ማለት «ሰርቨሩ ይቀበለዋል» ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ በነባሩ የትእዛዝ መስኮት የነጠላ ኮቴሽን ነገር ያበሳጫል። እዚያ ትእዛዙን በፋይል ጽፎ ማስነበብ ይሻላል፣ ከኮቴሽን ጋር ከመታገል።

ቋንቋዋም የራሷ ነው። ነጥብ ብሎ ማሳመር በአንድ ደቂቃ ይለመዳል። ማጣራትና ማሰባሰብ ውስጥ ሲገባ ግን ራስ ምታት አለው። እኔ እስከ ዛሬ ማኑዋሉን ሳልከፍት መጻፍ የማልችለው ነገር አለ፣ አላፍርበትም። ማኑዋሉ ግን ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምሳሌ አለው።

«ይህ ሁሉ ለምን? ብሮውዘር ላይ ጄሰን የሚያስተካክሉ ገጾች ሞልተው የለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አሉ፣ እኔም ተጠቅሜያለሁ። ግን ምን እንደምትለጥፉ አስተውላችኋል? ሙሉውን ሪኩዌስት ስትለጥፉ ቶክኑም (የመግቢያ ቁልፉ)፣ የደንበኛው ስምም፣ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ገጹ ምን እንደሚያደርግበት በምን ታውቃላችሁ? ጄኪው የምትሠራው በራሴ ማሽን ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ትሠራለች።

ያን ሥራ እንዴት ጨረስኩት? ስክሪፕቱን እንደገና ጽፌ ማታ ለቀቅኩት። ጠዋት ስመጣ ከሦስት በስተቀር ሁሉም ገብተዋል። ሦስቱን አውጥቼ ለጄኪው ሰጠኋት፤ ምንም እንከን አላገኘችባቸውም። እኔም አላገኘሁም። ኋላ ላይ ቀኑን ሳየው "2021-02-30" ይላል። ጄሰን የቀን ዓይነት የለውም፤ ለእሱ ይህ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ለጄኪውም እንደዚያው። ስልኬን አንስቼ ዳታውን ለሰጠኝ ሰው ደወልኩ።