ሎንግቤሪ፣ ሞካ ወይስ ጀንፈል? የእንጆሪ ሽታ ያለውን የሐረር ቡና ለሚፈልግ ገዢ

የእንጆሪ ሽታ ያለው ቡና ፍለጋ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያሳስተው ስሙ ነው። እኔንም አሳስቶኛል። «ሎንግቤሪ» ሲሉኝ «ቤሪ» የሚለው፣ በእንግሊዝኛ እንጆሪን ለመሰለ ፍሬም የሚሆነው ቃል፣ ሽታውን የሚነግረኝ መስሎኝ ከአጠገቡ ካለው ቡና አስበልጬ ከፈልሁ፤ ቤት ወስጄ ስቆላው ግን ከወትሮው ቡናዬ የተለየ ነገር አላሸተተኝም። ስሙ ስለ ፍሬው ርዝመት እንጂ ስለ ሽታው የሚናገረው ነገር እንደሌለ የገባኝ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ላኪዎች የሐረርን ቡና በሦስት ስም ይለዩታል። ሎንግቤሪ ረዘም ያለው፣ ሾርትቤሪ አጠር ያለው ነው። ሞካ ደግሞ በአንድ እሸት ውስጥ ሁለት ፍሬ መሆን ሲገባው ብቻውን ያደገው ድቡልቡል ፍሬ ነው። ሦስቱም ከአንድ ገበሬ ጓሮ ሊወጡ ይችላሉ። ለቤት ቡና ልዩነታቸው የሚታየው ምጣድ ላይ ነው፤ ሞካ እየተንከባለለ ዙሪያውን እኩል ይቀላል፣ ሎንግቤሪ ግን እጅ ካላረፈበት አንድ ጎኑ ይጠቁራል። ከሁሉም የሚከፋው የተደባለቀው ነው። ትልቁ ሳይበስል ትንሹ ያርራል። ስለዚህ ለመጠን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ካለብዎት እኩል ለተለቀመ ቡና ይክፈሉ፤ ለረጅምነቱ ግን አይክፈሉ።

ሽታው የሚመጣው ከአደራረቁ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ከ1,500 ሜትር በላይ ባሉት ደጋዎች ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ከዚያም እንደ ይርጋ ጨፌው የታጠበ ቡና ሥጋው ተልጦ ሳይታጠብ ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፍሬው በጣፋጩ ሥጋ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ በዝግታ ይብላላል። የውጭ አገር ቀማሾች «ብሉቤሪ» የሚሉት፣ እኛ ዱር ለዱር እየለቀምን ያደግንበት እንጆሪ የሚያስታውሰን ሽታ የሚወለደው ያኔ ነው። (ብሉቤሪውን አብዛኞቻችን በማርማላታ ጠርሙስ ላይ ካልሆነ አይተነው አናውቅም።) የታጠበው ቡና አበባና ሎሚ ይሸታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አደራረቅ አለ። ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ስስ ተደርጎ የተሰጣና በየጊዜው የተገላበጠ ቡና ነፋስ ከታችም ከላይም ስለሚያገኘው ሽታው ጥርት ይላል። መሬት ላይ ተቆልሎ የደረቀው ደግሞ አፈር አፈር ይላል፣ ብሶበትም ከተብላላ ሆምጣጣ ይሆናል፤ ሻጩም «የወይን ጣዕም ነው» ይልዎታል። ወይንና ኮምጣጤ ጎረቤት መሆናቸውን አልክድም፤ የምገዛው ግን ወይኑን ብቻ ነው። እፍኝ ጥሬ ቡና በመዳፍዎ አሽተው ያሽትቱት። ወርቅማ ቢጫ ቀለም የሐረር ቡና መልክ ነው፣ አያስደንግጥዎ። የሻገተ ከረጢት ሽታ ካለው ግን ይመልሱት። ከበርበሬና ከሳሙና ጎን የተቀመጠውንም እንዲሁ፤ ቡና የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል።

የኔ ምርጫ ከሦስቱ ስሞች ውጭ ነው፤ ጀንፈል። ከነገለባው የደረቀውን ቡና ማለቴ ነው። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ተወቅጦ አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ስለዚህ ዋጋውን በሁለት አባዝተው ከተፈለፈለው ጋር ያወዳድሩ። ድካም አለው፣ ሙቀጫ ይጠይቃል። ነገር ግን ገለባው ፍሬውን ይጠብቅለታል፣ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱን ፍሬ በጥርስዎ ሰብረው ገለባውን ቢያሸቱት የደረቀ ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የምታውቀኝ አንዲት እናት «ልጄ፣ የተፈለፈለው ይዋሻል፤ ይኼ ግን ምን ለብሶ እንደደረቀ ያሳይሃል» ያለችኝ እውነቷን ነው።

ሲቆሉት ቀላ ሲል ያውርዱት። ዘይት እስኪያወጣ የጠቆረ ቡና ከየትም ቢመጣ ሽታው አንድ ነው።

የሚፈልጉት የማታ እረፍት ከሆነስ? ፍሬው እንቅልፍ ይነሳል፤ ገለባው ግን አይጣልም። ሐረሮች ሐሸር እያሉ በውኃ አፍልተው፣ ወተት ጨምረው ይጠጡታል። ካፌይን አለው፣ ከፍሬው ግን ያነሰ ነው፤ ጣዕሙም ወደ ፍራፍሬ ያደላል። መሬት ላይ የደረቀ ቡና ገለባ ለዚህ አይሆንም፣ አቧራውን ነው የሚጠጡት። ሌላው አማራጭ ቁጢ ነው፤ የደረቀ የቡና ቅጠል ምጣድ ላይ ሞቅ ተደርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ይፈላል። እንጆሪ አይሸትም፣ ወደ ሻይ ይቀርባል፣ በጨውም በስኳርም ይሄዳል። ያረጀው ቅጠል ከለጋው ይልቅ ካፌይኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለማታ ሲገዙ ያረጀውን ይጠይቁ። ለኔ ከሁለቱ ሐሸር ይበልጥብኛል፤ ባለቤቴ ግን ቁጢን በምንም አትለውጥም።

«ገዝቼ ከምቸገር ለምን አልተክልም» የሚል ካለ፣ ሐረር ላይ ይሆንለታል፤ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ስለሆነ አየሩ ለቡና ይስማማል፣ የዋንዛ ጥላ ካገኘማ ደስ ይለዋል። የመጀመሪያውን ምርት ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ግን አለበት። ብዙ የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለውም በትዕግሥት ማነስ አይደለም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ቡና የሚለቀመው አንዴ ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ ግቢ ውስጥ የተተከለ ቡና ጥላና ውኃ ሳይጓደልበት ቢያድግ እንኳ ለቁጢ የሚሆን ቅጠል ይሰጥ እንደሆነ እንጂ ለጀንፈል አይታሰብም። ቅጠሉንም ቢሆን ያረጀውን ብቻ ይልቀሙ፤ ቅጠሉ ሁሉ ከተገፈፈ ዛፉ ይዳከማል።