ፒያሳ የገዛሁት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ሀሳቡ አሪፍ ጥራዙ ግን ዜሮ

ጎንደር ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች ነው የገዛሁት፣ የአማርኛው ትርጉም ማለቴ ነው። ልጁ "ከዴካርት በፊት የነበረ የኛ ፈላስፋ" እያለ ነው የሚሸጠው፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት የታወቀበትን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1637 ነው ሐተታ ላይ ያለው ዓመት ደግሞ 1667 ነው፣ ስለዚህ ፉክክሩን ተዉት ባካችሁ፣ መጽሐፉ ሌላ የሚሸጥበት ነገር አለው።

እሱም የሂሩት ነገር ነው። ዘርዓ ያዕቆብ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ እንፍራዝ ገባ፣ ያው ወደ ባህር ዳር ስንወርድ የምናልፋት እንፍራዝ፣ እዛ ሀብቱ የሚባል ሀብታም ቤት መዝሙረ ዳዊት እየገለበጠ ልጆቹንም እያስተማረ ይኖራል። ሂሩት የቤቱ ገረድ ናት። ላግባት ሲል ጌታዋ በቃ ያንተ ገረድ ትሁን ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ገረድ አይደለም ሚስቴ ናት የምትሆነው፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ቁርጥ! በዛ ዘመን እኮ ነው። ቆንጆ አልነበረችም ማለቱን ግን ምን አስፈለገው 😅

የወር አበባዋ የመጣ ሴት ርኩስ ናት የሚለውን ሕግም ፈጣሪ ራሱ የሠራውን ማርከስ ነው፣ ትዳርንም ልጅ ማሳደግንም ያውካል ብሎ ይሞግታል። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ አሰብኩ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ዛሬም ይሄን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፣ እማማዎቹ ፊትማ አይሞከርም።

ሁለተኛው ክፍል የተማሪው የወልደ ሕይወት ነው፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ሥራ ጥሩ ጥሩ ምክር አለው፣ ሴት ላይ ሲደርስ ግን በተፈጥሮዋ ደካማ ናት ወደሚለው ይመለሳል። እንዲህ ያለ መምህር አስተምሮት! ጀንደር ኮርስ የምትወስዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው፣ ለውይይት ከዚህ የተሻለ አታገኙም።

ቅር ያለኝ መቅድሙ ነው። ኢትዮጵያን ያጠና የነበረው ጣሊያናዊ ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 (በፈረንጅ) ሐተታን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ያስነሳው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም፣ መቅድሙ ግን አንድ መስመር እንኳን አላነሳውም፣ አንባቢ ይደነግጣል ብለው ነው መሰለኝ። ወረቀቱ ሳስቶ የጀርባው ጽሑፍ ያሳያል፣ ሙጫው ደግሞ ገና መሀል ሳልደርስ ለቀቀ። ከመክፈላችሁ በፊት መሀሉን ከፈት አድርጋችሁ እዩት፣ ዋጋውም ላይ ተከራከሩ ይቀንሳሉ።