የዳሽቦርዴ ቢጫ መብራት ጠፋ፦ ምስጋናና ጥቆማ ለባሕር ዳር ባለመኪናዎች

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን፣ ቀጥዬም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝን የመኪና ኤሌክትሪሻን ከልብ አመሰግናለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝን፣ ገንዘቤን የበላውንና ከገዛ መኪናዬ ጋር ያቆራረጠኝን ችግር ፈትቶ አሳርፎኛል። ውለታው በስልክ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ብቻ የማልፈው ስላልሆነ፣ በከተማችንም ተመሳሳይ ጣጣ ይዞት ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት ባለመኪና ብዙ መሆኑን ስለማውቅ፣ በአደባባይ ላመሰግነውና ለእናንተም ልጠቁማችሁ ወደድሁ። ስሙን ግን አልጽፍም። ሐሳቤን ስነግረው "እትዬ፣ እባክዎ ስሜን አይጥሩብኝ፤ ሰው በአንዴ ከጎረፈብኝ ሥራዬን አጣድፈዋለሁ" ብሎ ለምኖኛልና ቃሉን አከብራለሁ።

መኪናዬ የጃፓን ስሪት ስትሆን፣ ከእኔ በፊት ሌሎች ሰዎች የነዷት አሮጌ አውቶሞቢል ናት። "ሽጠሽ ሌላ አትገዢም ወይ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የጣለውን ቀረጥ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን የሚያስታውስ ሁሉ፣ እንደ እኔ በመምህር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ያለችውን መኪና አስጠግኖ ከመያዝ ሌላ መንገድ እንደሌለው ይረዳኛል።

ችግሩ የጀመረው በአንዲት ቢጫ መብራት ነው። ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች ያሏት የትንሽ መኪና ምስል፣ መኪና እንዳትንሸራተት የሚይዘው ሥርዓት ምልክት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ብቅ ትላለች፤ ወዲያው "ኤቢኤስ" (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይነክስ የሚያደርገው ሥርዓት) የሚለው ጽሑፍ አጠገቧ ይበራል። ሞተር አጥፍቼ ሳስነሳ ይጠፋሉ፤ ጥቂት እንደሄድሁ ተመልሰው ይመጣሉ። አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ ሳይታዩ ያልፉና "ተመስገን፣ ለቀቀኝ" ስል፣ ዓባይን ተሻግሬ ሳልጨርስ ቁልጭ ብለው ይበራሉ። መብራቱ ብቻ ቢሆን እንኳ በቻልሁት ነበር። ያስፈራኝ ግን ቀስ ብዬ ለመቆም ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እየተርገፈገፈ መልሶ ይገፋኝና መኪናዋ ካሰብሁት ቦታ አልፋ የምትቆመው ነገር ነው።

እናቴ የምትኖረው ወረታ ነው። የደም ግፊት ክትትሏ ባሕር ዳር በመሆኑ አምጥቼ የምመልሳት እኔ ነኝ። የጎንደርን መንገድ በክረምት የሄደበት ያውቀዋል፤ ከሐሙሲት ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል፣ አስፋልቱ ጭቃ ይለብሳል፣ ከብቱም ባጃጁም ጋሪውም የሚሄደው በዚያው ላይ ነው። አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ፣ ጉማራ ልደርስ ስል መንገድ የሚያቋርጡ ከብቶች አይቼ ፍሬን ስይዝ ያ የለመደበት መርገፍገፍ ተነሣ፤ መኪናዋ አንዲት ጥጃ ልትነካ ክንድ ሲቀራት ቆመች። እናቴ ከኋላ ሆና "እመ ብርሃን!" ብላ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በሚኒባስ እንድትመጣ አደረግሁ። በዚያ ዕድሜዋ ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል ስትጎተት እያየሁ፣ ደጃፌ ላይ የቆመችው መኪና ታበሳጨኝ ነበር።

ስለሄድሁባቸው ጋራዦች ጥቂት ልበል። የማንንም እንጀራ ለመዝጋት ስላልተነሣሁ ስማቸውን አልጠራም፤ ሆኖም የደረሰብኝን ሳልናገር ብቀር የዚህ ባለሙያ ሥራ በምን እንደሚለይ አይገባችሁም።

አንደኛው ጋራዥ መኪናዋን "ኮምፒውተር" አደረጓት። ማሽኑን ከመሪው ሥር ሰኩ፣ ጥቂት ነካኩ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሒሳብ ተቀበሉ። ሰፈሬ ሳልደርስ በራ። ስመለስ ያንኑ ማሽን ሰክተው ያንኑ አደረጉና በድጋሚ ሒሳብ ጠየቁኝ። ኋላ እንደተረዳሁት ማሽኑ የሠራው ነገር ቢኖር መኪናዋ የመዘገበችውን ስህተት መደምሰስ ብቻ ነው፤ ሕመሙ ባለበት እያለ የሕመምተኛውን ካርድ ቀዶ እንደ መጣል ማለት ነው።

ሌላ ቦታ የአንዱን ጎማ ፍጥነት የሚለካው "ሴንሰሩ ሞቷል" ተባልሁ፤ አስቀየርሁ። መብራቱ ከመብራት አልተመለሰም። "እንግዲያው የሌላኛው ጎማ ይሆናል" ተባለ፤ እሱንም አስቀየርሁ። አሮጌዎቹን ሴንሰሮች ስጡኝ ብል "ምን ያደርጉልሻል?" ብለው ሳቁብኝ። በመጨረሻም "የኤቢኤሱ ፓምፕ ከነኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ከዱባይ ይታዘዝልሽ" ብለው የጠሩልኝ ዋጋ የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ ማስላቱ ራሱ አስጠላኝ። እርግጠኛ መሆናቸውን ስጠይቅ "ተቀይሮ ይታያል" የሚል መልስ ተሰጠኝ። የሚታየው በማን ገንዘብ እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

የሁሉ ቁንጮ ግን "እህቴ፣ ምን አስጨነቀሽ? አምፖሉን ከውስጥ እንንቀለዋ! ስትሸጪያትም ማንም አያይብሽ" ያለኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ያችን መኪና የሚገዛው አባወራ ልጆቹን ጭኖ እንደሚሄድባት አይታየውም ይሆን? ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። አዲስ አበባ ውሰጃት ያሉኝም ነበሩ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ፣ ያውም የዓባይን በረሃ በዚያ ፍሬን ቁልቁል ወርጄ።

ወደዚህ ኤሌክትሪሻን ልጅ የመራኝ ጎማ ላስነፋ የቆምሁበት ጎሚስታ ነው። የልጁ ግቢ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ በቆርቆሮ የታጠረ፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ነው፤ ማስታወቂያ እንኳ አልተሰቀለበትም። እኔም ማሽኑን ይዞ እስኪመጣ ጠበቅሁ። እሱ ግን እጁን በጨርቅ ጠረገና "እትዬ፣ መብራቱ መቼ መቼ ነው የሚበራው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ለአፍታ መልስ አጣሁ። በዚያ ሁሉ መንከራተት ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ሲዘንብ ነው ወይስ በደረቅ? ቀጥ ባለ መንገድ ነው ወይስ ሲታጠፉ? ወደ የት ሲታጠፉ? በቅርቡ የፊት እግር ሥራ አሠርተዋል? ባትሪው ስንት ጊዜ ሆነው? አራቱም ጎማዎች አንድ ቁጥር ናቸው? እየመለስሁለት ሳለ፣ ሳላስተውለው የማውቀው ነገር ከአፌ ወጣ፦ አደባባይ ስዞር ይብሳል። "ይበቃኛል፣ እንሂድ" ብሎ ማሽኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከጎኔ ተቀመጠ።

ከተማውን አዞረኝ። በማሽኑ መስኮት ላይ አራት ቁጥሮች ይታያሉ፤ የአራቱ ጎማዎች ፍጥነት መሆናቸውን ነገረኝ። ቀጥ ባለው መንገድ አራቱም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አደባባዩን ስንዞር ግን ሦስቱ እየተቀራረቡ ሲሄዱ አንደኛው ድንገት ዜሮ ሆነና ወዲያው ተመለሰ፤ ያች ቢጫ መኪናም በራች። "አዩት እትዬ?" አለኝ። አየሁት! እኔ፣ ከመኪና መሪና ነዳጅ መሙያ በቀር የማላውቀው ሴትዮ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ስንመለስ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የፊት ጎማውን ፈታ። እኔን ጋቢና አስገብቶ መሪውን ቀስ እያልሁ ወዲያና ወዲህ እንዳዞር አዘዘኝ፤ እሱ ከሥር ሆኖ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ሽቦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብስ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጠራኝና "ይንኩት" አለኝ። ከላይ የሽቦው ሽፋን ምንም አልሆነም፣ ጭረት እንኳ የለበትም፤ በትንሹ ሳብ ሲያደርገው ግን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይቀጥናል፣ ጣት ሲያርፍበት ውስጡ ባዶ ነው። ቆዳውን በምላጭ ሲገፈው መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል። ጎማው በታጠፈ ቁጥር ጫፎቹ ይለያያሉ፣ ሲቃና ይገናኛሉ። ለካ ሴንሰሩን ደጋግመው ሲቀያይሩ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ሽቦ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

እንዳስረዳኝ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይነክስ የሚያደርገው ኤቢኤስም፣ መኪና በመታጠፊያ ላይ እንዳትንሸራተት የሚይዘውም ሥርዓት የሚሠሩት በእነዚያው በአራቱ የጎማ ሴንሰሮች ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት መብራት በአንድ ጊዜ በርቶ የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱ ጎማ ቆመ የሚል የሐሰት ወሬ ሲደርሰውም ኮምፒውተሩ ፍሬኑን ይለቃል፤ እግሬን ሲገፋኝ የነበረው ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የነገረኝን እኔ አልደግመውም፤ አልገባኝምና። አምፖሉን እንንቀለው ላለኝ ሰው ግን አንድ ነገር ብነግረው ደስ ይለኛል። ይህ መንሸራተትን የሚከላከል ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1995 በውድ የጀርመን መኪኖች ላይ ሲገባ የባለጠጋ ነገር ነበር፤ አሜሪካ ግን ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓም ከ2014 መጨረሻ ወዲህ በአዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ እንዲኖር በሕግ አስገድደዋል። በሕግ የታዘዘ ነገር አምፖል ተነቅሎ አይታለፍም።

ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ቢጠቀልልልኝ እኔ አላውቅበትም ነበር። እሱ ግን "እንደዚያ ብሰጥዎት እስከ ፋሲካ ይደርሳል፣ ክረምቱን ግን አይችልም" ብሎ የተበላሸውን ክፍል በሙሉ ቆርጦ ጣለና በሌላ ሽቦ ቀጠለው፣ በስታኞ በየደው፣ ውኃ እንዳያገኘውም አድርጎ ሸፈነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ወሰደ። ያ ቀን ደግሞ የእናቴ የቀጠሮ ቀን ነበርና ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ አይቶ "ምን ሆኑ?" አለኝ። ነገርሁት። ረዳቱን ጠርቶ የራሱን መኪና ቁልፍ ሰጠውና "ሂድ፣ እማማን ከሆስፒታል አምጣቸው፤ ፀሐይ ላይ እንዳይቆሙ" ብሎ ላከው። እናቴ ስትመጣ በግቢው ውስጥ መደገፊያ ያላትን አንዲት ወንበር ማንጎው ጥላ ሥር አድርጎ አስቀመጣት፣ ሻይም አስመጣላት። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ፎገራ ሩዝ ስታወራለት፣ እሱም ከመኪናው ሥር ሆኖ "እሺ እማማ" እያለ ሲመልስላት ዋሉ። ስንነሣ "ልጄ፣ እጅህ አመድ አፋሽ አይሁን" ብላ መረቀችው። እኔ በቃሌ ብዙ ባወራ ያን ያህል አላመሰግነውም ነበር።

ለሙከራ አብሮን ወጥቶ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ ድልድይ ዓባይን ተሻገርን፤ አደባባይ ባየን ቁጥር እየዞርን መብራቱን ጠበቅነው፣ አልበራም። እሱ ከዚያው ወርዶ በባጃጅ ተመለሰ፤ የባጃጁን ሒሳብ እንኳ አላስከፈለኝም። የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ ያለ ጥቅሙ ካስቀየርሁት አንድ ሴንሰር ያንስ ነበር። ስለ ሌሎቹ ጋራዦች ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ይህም ገርሞኛል፣ እኔ እስኪበቃኝ አማርሬለት ነበርና። ቆይቶ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደወለልኝ። "ትናንት ዘንቧል፣ መብራቱ በራ እንዴ?" ሊለኝ ነው የደወለው። አልበራም። እናቴንም አሁን የማመላልሳት እኔው ነኝ።

ግቢው ውስጥ ስጠብቅ ያገኘሁት ሌላ ባለመኪናም መከራው ከእኔ አይተናነስም ነበር። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ካስቀየረ ወዲህ መብራቱ አልጠፋ ብሎት፣ ለካ ኩሽኔታው በአንድ ጎኑ ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ያለው ኖሮ ገልብጠው ገጥመውለታል። ለእሱም መፍትሔ የሰጠው ይኸው ልጅ ነው።

እባካችሁ፣ ይህ መብራት የሚያስቸግራችሁ ሰዎች ሆይ፣ ፓምፕና ኮምፒውተር ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለዚህ ባለሙያ አሳዩት፤ ደግሜ እላለሁ፣ አንድ ጊዜ አሳዩት። ከመሄዳችሁ በፊት ስህተቱን በሌላ ቦታ አታስደምስሱ፣ ባትሪም አታስፈቱ፤ መኪናዋ የመዘገበችውን ማየት ይፈልጋል። መብራቱ መቼ፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚበራ አስተውላችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከቢጫው ጋር ቀዩ የፍሬን መብራት ከበራ ግን ራሱ እንዳስጠነቀቀኝ እየነዳችሁ አትሂዱ፤ ካላችሁበት ሆናችሁ ደውሉለት።

ስልኩንና የግቢውን አቅጣጫ ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ሰኞ ጠዋት ወረፋ ስለሚበዛበት ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ እሑድና በዓል አይሠራም።