ክትፎ፦ ለብለብ ይሻላል ወይስ የበሰለ?

በዋጋ ልዩነት የለም፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ሚጥሚጣው ያው ነው።

ለብለብ፦ ቶሎ ይደርሳል፣ ልስላሴውንም አይለቅም። ግን ሞቀ እንጂ አልበሰለም። ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚቀመጠው ሥጋው ላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ሲከተፍ ግን ከቢላውና ከመክተፊያው ጋር ሆኖ መሃል ድረስ ይዳረሳል። ለብ ማድረግ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ የተባሉትን በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች አይገድልም፤ ሚጥሚጣና አረቄም አያድኑም። ብዙዎቻችን የምንፈራው ኮሶን ብቻ ነው፤ የኮሶ መድኃኒት ደግሞ ለባክቴሪያ አይሠራም።

የበሰለ፦ ትንሽ ይደርቃል፣ ቅቤ ጨመር ማድረግ ይፈልጋል። የተከተፈ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እነዚህ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ሆኖም ጥሬው በተከተፈበት መክተፊያ ላይ፣ ሳይታጠብ፣ ጎመኑ ከተከተፈ ማብሰሉ ከንቱ ድካም ነው።

ከማዕዱ ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ፣ እባካችሁ የበሰለውን ብቻ አቅርቡ። ለብለቡ አደጋውን አውቆ ለሚመርጥ ጤነኛ አዋቂ ነው፤ ያውም ሥጋው የዕለት ሆኖ፣ እዚያው ተሠርቶ ወዲያው ሲበላ። ተቋጥሮ ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ የበሰለው ይሁን።