የጀርባ ማፍታቻ ትምህርት በጎንደር፦ ሦስት ወር ከተማርሁ በኋላ

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ጂም ውስጥ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ጀርባን ወደ ኋላ የመለመጥ ትምህርት በሳምንት 3 ቀን፣ በጠቅላላው ለ3 ወራት ተከታትያለሁ። የጂሙን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ ስላለኝ ነው፤ ይሁን እንጂ በከተማችን እንዲህ ያለ ትምህርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ምን እንደሚያገኝና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው ለመረዳት ስሙ የግድ አያስፈልገውም። እኔ የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከ15 ዓመት በላይ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ ሰነድ ስመረምር ኖሬአለሁ፤ ከተማሪነቴ ዘመን ወዲህም ስፖርት የሚባል ነገር አልነካሁም። ወደ ትምህርቱ የገፋኝ አንድ ቀን ከመደርደሪያ ላይ መዝገብ ለማውረድ ሁለት እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ ትከሻዬ እምቢ ማለቱና በእርሱ ፈንታ ወገቤ ወደ ፊት መቆልመሙ ነው።

ክፍያው በወር 1,500 ብር ነው። ክፍሉ 12 ሰው ሲይዝ ይመቻል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ክንድ ከክንድ ይጋጫል። ምንጣፎቹ ስስ ናቸው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗም በኅዳር ማለዳ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በምንጣፉ አልፎ ሆድ ድረስ ይሰማል። መብራት በሚጠፋበት ቀን በመስኮት በሚገባው ብርሃን ይሠራል። ስለ ቤቱ ከዚህ የበለጠ የሚባል ነገር የለም።

ስለ አሰልጣኟ ግን ብዙ የሚባል አለ። በልጅነቷ በሰርከስ የሠራች፣ ራሷ እንደ ልብስ የምትታጠፍ ወጣት ስትሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ያን ችሎታዋን ለማሳየት አንድም ሙከራ አላደረገችም፤ እኛንም አላስጎነበሰችንም፣ አላስለመጠችንም። ያደረገችው እያንዳንዳችንን ግድግዳ ተደግፈን እንድንቆም፣ ጀርባችንና መቀመጫችን ግድግዳውን ሳይለቅ እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን ግድግዳውን እንድንነካ ማዘዝ ነበር። ከ11 ተማሪዎች ወገቡ ከግድግዳው ሳይርቅ እጁ የደረሰለት 2 ብቻ ነበሩ። እኔ እጄን ባነሣሁ ቁጥር የጎድን አጥንቴ ወደ ፊት ይወጣ፣ በወገቤና በግድግዳው መካከልም ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠር ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ገና ሳይጀምሩ በወገብዎ መለመጥ ጀምረዋል» አለችኝ፤ ሦስቱን ወር ሙሉ የተማርሁት ነገር በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተጠቀለለ መሆኑን የተረዳሁት ግን ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚንቀሳቀሱት የአከርካሪ አጥንቶቻችን 24 ሲሆኑ፣ 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ በደረት፣ 5ቱ በወገብ ላይ ይገኛሉ። የደረቶቹ 12 አጥንቶች ከጎድን አጥንቶች ጋር የተያያዙ ከመሆናቸውም በላይ ከኋላቸው የሚወጡት ዘንጎች ወደ ታች ተጋድመው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሚደራረቡ፣ ወደ ኋላ የመታጠፍ ስፋታቸው ጠባብ ነው፤ የወገቦቹ ግን እንዲህ ያለ መከልከያ ስለሌላቸው በቀላሉ ይታጠፋሉ። እንግዲህ ጀማሪ ሰው ወደ ኋላ ልለመጥ ሲል ሰውነቱ ቀላሉን መንገድ ይመርጥና ጠቅላላው ጭነት በወገብ ታችኛ ክፍል፣ በአንድ ወይም በሁለት መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል። ከውጭ ለሚያይ ቆንጆ ቅስት ይመስላል፤ በውስጥ ግን ቅስት ሳይሆን ስብራት የመሰለ አንድ ማእዘን ነው። የእኛን ፋሲል ግቢ ቅስቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቅስት የሚቆመው እያንዳንዱ ድንጋይ የድርሻውን ሲሸከም ነው። ስለዚህ የትምህርቱ የመጀመሪያ ወር በሙሉ ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ያለውን በማላቀቅ አለፈ፤ ወገብን ሆን ተብሎ ማንም አልነካውም።

ከወገብ በታች ያለው ጉዳይ እኔን ይበልጥ አስገርሞኛል። ከወገብ አከርካሪ ተነሥቶ በዳሌ ፊት ለፊት አልፎ ከጭን አጥንት ጋር የሚያያዝ ጥልቅ ጡንቻ አለ፤ ይህ ጡንቻ በተቀመጥን ጊዜ ሁሉ አጥሮ ስለሚቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ተነሥቶ ወደ ኋላ ልለመጥ ሲል ዳሌው አልከፈት ይለዋል፤ ወገቡም ያለፈቃዱ ወደ ፊት ይሳባል። ለዚህ የተሰጠን እንቅስቃሴ አንድ ጉልበት መሬት ላይ አኑሮ፣ ሌላውን እግር ወደ ፊት አስቀድሞ፣ የመቀመጫን ጡንቻ አጥብቆ ዳሌን ቀስ ብሎ ወደ ፊት መግፋት ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን ለ30 ሰከንድ፣ 2 ወይም 3 ጊዜ። መቀመጫን ማጥበቁ ከተረሳ ሰውየው ዳሌውን የገፋ ይመስለዋል እንጂ እንደገና ወገቡን ነው የሚያጥፈው። ይህን አሰልጣኟ በየቀኑ፣ ያለመሰልቸት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስትናገር ሰምቻለሁ።

ሰውነት ማሟሟቂያው ለጎንደሬ የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሙዚቃ ይከፈትና 10 ደቂቃ ያህል እስክስታ ይወረዳል፤ ይሁንና ለጭፈራ ሳይሆን በዝግታ፣ ትከሻን ወደ ኋላና ወደ ፊት፣ ደረትን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እየለዩ ማንቀሳቀስ ነው። ወገቡን ሳያወዛውዝ ደረቱን ብቻ ማውጣትና ማስገባት የሚችል ሰው የደረት አከርካሪውን ለብቻው ማዘዝ ተምሯል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ አገር ያሉ ጀማሪዎች በብዙ ልፋት የሚያገኙት ነገር ሲሆን፣ በምድባችን የነበሩ አንዲት የ50 ዓመት እናት በሠርግ ቤት ካዳበሩት ልምድ የተነሣ በዚህ ሁላችንንም በልጠውናል። የጠዋቱ ምድብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር ማሟሟቂያው እስከ 15 ደቂቃ ይረዝማል። ምክንያቱ ብርዱ ብቻ አይደለም፤ በእንቅልፍ ሰዓት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውኃ ስበው ስለሚያብጡ፣ ጀርባ ከአልጋ በተነሣ በመጀመሪያው ሰዓት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ግትር ይሆናል። በአንጻሩ በማለዳ ሆድ ባዶ ስለሆነ በሆድ ተኝቶ የሚሠራው እንቅስቃሴ አይከብድም፤ በነቢያት ጾም ወቅት ከምሽቱ ምድብ ወደ ጠዋቱ የተዛወሩ ሰዎችም ነበሩ።

በሁለተኛው ወር ዋናው ሥራ ተጀመረ። አንዳንድ ተማሪዎች ዮጋ የሚለው ስም ከሌላ እምነት ጋር ይያያዛል ብለው ስለሠጉ፣ አሰልጣኟ እንቅስቃሴዎቹን ሁሉ በአማርኛ ትጠራቸዋለች፤ በሆድ ተኝቶ በክርን ተደግፎ ደረትን ማንሣት፣ በኋላም ክርንን ለቆ በመዳፍ ማንሣት፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ማንሣት፣ በጉልበት ቆሞ ደረትን ወደ ጣሪያው ማዞር እያሉ ይቀጥላሉ። በጉልበት ተንበርክኮ ግንባርን መሬት የማስነካቱን ማረፊያ «ስግደት» ትለዋለች፤ ስሙን ለማስታወስ ማንም አልተቸገረም። በሁሉም ላይ የምትደጋግመው አንድ ነገር ቢኖር ቅድሚያ ርዝመት፣ ቀጥሎ መለመጥ የሚለው ነው፤ አየር እየሳቡ ከአናት ወደ ላይ መርዘም፣ አየር እያስወጡ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ፣ ትንፋሽ የታፈነበት ቦታ ላይ መቆምና ከዚያ አለማለፍ።

ጂሙ ለጀርባ የሚሆን ተንከባላይ ስፖንጅ የለውም። ያንን የሚተካው ከቤት የሚመጣ ጋቢ ነው፤ ጋቢው ጠበቅ ተደርጎ ይጠቀለልና በትከሻ አጥንቶች ታችኛ ጫፍ ግድም በአግድም ይቀመጣል፤ ተማሪው በላዩ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን በእጁ ደግፎ፣ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ጋቢው ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ይሳባል። ከተማርሁት ሁሉ ዛሬም በየማታው ቤቴ የምሠራው ይህ ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ሳቀች፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ጋቢ ከሳጥን አወጣች።

ለውጡን በግምት እንዳንለካው አሰልጣኟ ሜትር ታመጣ ነበር። በሆድ ተኝተን፣ የዳሌያችን አጥንት መሬት ሳይለቅ፣ በእጃችን ሳንገፋ አገጫችን ከመሬት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚነሣ በየወሩ ትመዘግባለች። እኔ በ14 ጀምሬ በሁለተኛው ወር መጨረሻ 21 ደርሻለሁ። ለሰርከስ የሚያበቃ አይደለም፤ ከመደርደሪያ መዝገብ ለማውረድ ግን በቂ ነው፤ ከሥራ ስመለስ በትከሻዬ መካከል ይሰማኝ የነበረው ቃጠሎም ቀንሷል። ሙሉ ድልድዩን፣ ማለትም በመዳፍና በእግር ብቻ ቆሞ ሰውነትን እንደ ቀስት ማንሣቱን፣ ትከሻዬ ገና ስላልተከፈተ ለቀጣዩ ዓመት እንደማቆየው ተስማምተን ነበር።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዘጠነኛው ሳምንት አሰልጣኟ ለጥቂት ቀናት ስትቀር ጂሙ የጠዋቱንና የምሽቱን ምድብ ቀላቅሎ፣ ክብደት የሚያሠራ ሌላ ወጣት መደበልን። በክፍሉ ውስጥ ከ20 ሰው በላይ ነበርን። ወጣቱ ማሟሟቂያውን በ5 ደቂቃ ጨርሶ ሁላችንንም በጀርባችን አስተኛንና መዳፋችንን ከጆሯችን አጠገብ አስቀምጠን ድልድይ እንድንሠራ አዘዘ። እኔ እንደማልችል ብነግረውም «አይዞህ አባቴ፣ እኔ እይዝሃለሁ» ብሎ በሁለት እጁ ወገቤን ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ፤ ሌላው ደግሞ በስልክ ፎቶ ያነሣ ነበር። ትከሻዬ ስላልተከፈተ፣ ዳሌዬም ገና ስላልላላ፣ መሄጃ ያገኘው ወገቤ ብቻ ነበር። ታችኛው ወገቤ ላይ እንደ መርፌ የወጋኝ ሕመም ለ4 ቀናት አልለቀቀኝም። ጎረቤቶቼ ወደ ወጌሻ ካልወሰድንህ ቢሉኝም፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ማሳሸት አልፈለግሁምና ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሄድሁ፤ ባለሙያው መርምሮኝ ሕመሙ ወደ እግር የማይወርድ፣ መደንዘዝም የሌለው በመሆኑ የመገጣጠሚያዎቹ መጨናነቅ እንጂ የነርቭ ጉዳት እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ለ10 ቀናት ወደ ኋላ መለመጥን አቁሜ በእግሬ እንድንቀሳቀስም አዘዘኝ።

አሰልጣኟ ስትመለስ ነገሩን ሰምታ ተቆጣች፤ እኔንም ጎን ለጎን ተቀምጣ ከክርን ድጋፉ እንደገና አስጀመረችኝ። የጂሙ ኃላፊ በበኩሉ ስልኬን አንሥቶ ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ የአንድ ወር ነጻ መግቢያ ሰጠኝ። ነጻ ወሩን ተቀብያለሁ፤ የማልቀበለው ግን ከመጀመሪያው የነበረውን ጉድለት ነው። በምዝገባ ዕለት ስሜንና ስልኬን ከመጠየቅ በቀር ስለ ጤናዬ አንድ ጥያቄ አልቀረበልኝም። ይህ እንቅስቃሴ ዲስኩ ለተንሸራተተ፣ አንዱ የአከርካሪ አጥንት በሌላው ላይ ለተንሸራተተበት፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ ወይም ለነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ምክር የሚሰጥ አይደለም፤ ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ደግሞ ግማሽ ገጽ ወረቀትና 5 ደቂቃ ብቻ ነው። በአንድ መምህር ችሎታ ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት መምህሩ በታመመ ቀን ምን እንደሚሆን በገዛ ወገቤ አይቻለሁ።

እንግዲህ ለመመዝገብ የምታስቡ ሰዎች ካላችሁ የጠዋቱን ምድብ ምረጡ፤ ቁጥሩ ከ12 አያልፍም፤ ራሷ አሰልጣኟም በቋሚነት የምታስተምረው እርሱን ነው። ከመክፈላችሁ በፊት እርሷ በማትኖርበት ቀን ማን እንደሚተካት ጠይቁ፤ መልሱ ግልጽ ካልሆነ በዚያ ቀን አትሂዱ። ሕመማችሁን ሳትጠየቁም ተናገሩ፤ ማንም ሰው ወገባችሁን ይዞ ወደ ላይ እንዲጎትት አትፍቀዱ። ወፍራም ካልሲና የራሳችሁን ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከፍያለሁ፤ ባለቤቴም ከጥር በኋላ፣ የጥምቀት ግርግር ሲያልፍ፣ አብራኝ ትጀምራለች።