አራት ሆነን የገዛነው የፕላስቲክ ሆድ፦ አንጀቱ ጥሩ፣ ዳሌው በጥፍር ቀለም የታረመ

እኔና ሦስት የዶርም ጓደኞቼ 12 ሺህ ብር አዋጥተን የሴት ሆድና ዳሌ የሚያሳይ ሞዴል ገዛን። ሻጩ «የኔ እህት፣ ኦርጅናል ነው፤ ሐኪሞች ናቸው የሚወስዱት» ብሎኝ ነበር።

ለሆዱ ብሩ አይቆጨኝም። ጨጓራውና አንጀቱ ሲነሱ ከልብ የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አዎርታው፣ ራቁቱን ይቀራል። ከፊቱ የሚወጡት ሦስቱ ደም ቅዳዎች በየቦታቸው ናቸው፦ ሴሊያክ (ለጨጓራና ለአካባቢው) በቲ 12፣ ኤስኤምኤ (የላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ) በኤል 1፣ አይኤምኤ (የታችኛው) በኤል 3 ትይዩ፤ ቲ የደረት፣ ኤል የወገብ አከርካሪ አጥንት ነው። ስንት ሌሊት የሸመደድኩትን አከርካሪውን በጣቴ እየቆጠርኩ አገኘሁት። ወደ ጣፊያ የሚሄደው ደም ቅዳ እንኳ በቆሽት ላይኛው ጠርዝ እንደ እባብ ተጥመዝምዟል። በጣም የወደድኩት ግን ትልቁ አንጀት ጣፊያ አጠገብ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። ኤስኤምኤና አይኤምኤ ደም የሚያደርሱባቸው ክልሎች ድንበር እዚያ ስለሆነ የደም ሥሩን አቅጥነው ሠርተውታል። የደም ግፊት ክፉኛ ሲወርድ ያ ቦታ ቀድሞ የሚጎዳው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ዳሌው ግን አናደደኝ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦውም ነርቩም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው። ይባስ ብሎ የማህፀኑ ደም ቅዳ በሽንት ቱቦው ሥር ያልፋል። መሆን ያለበት ከላዩ ነው! ማህፀን ሲወጣ ቱቦው አብሮ እንዳይታሰር ወይም እንዳይቆረጥ የሚፈራው እኮ በዚህች መተላለፊያ ምክንያት ነው። ለብልት አካባቢ ስሜት የሚሰጠው ፑደንዳል ነርቭም ከዳሌ ወጥቶ፣ የኢስኪየምን (የመቀመጫ አጥንቱን) ሹል አጥንት ዞሮ፣ ተመልሶ መግባት ሲገባው ወጥቶ ቀርቷል። አዋላጆች ያቺን ሹል አጥንት በጣት ዳስሰው ነው ማደንዘዣ የሚወጉት፤ በዚህ ሞዴል የሚማር ሰው የት ሊወጋ ነው? ከኤስ 2 እስከ ኤስ 4 (ከወገብ በታች ካለው የአከርካሪ ክፍል) ተነሥተው ለመጨረሻው የትልቁ አንጀት ክፍል የሚደርሱት ቀጫጭን ነርቮች ደግሞ ጭራሽ የሉም። ከአንጎል ወርዶ አብዛኛውን አንጀት የሚያንቀሳቅሰው ቫገስ ነርቭ እዚያ ድረስ አይወርድ፣ ታዲያ ማን ያንቀሳቅሰዋል?

ልመልሰው ብሄድ ሻጩ ስቆ «ታዲያ ቻይና ተሳስታ ነው?» አለኝ። የጓደኛዬን አረንጓዴ የጥፍር ቀለም ወስጄ የሽንት ቱቦውን ቀባሁት፤ በደም ቅዳው ላይ ደግሞ «ከላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩበት።

ለሆድ ፈተና ከሆነ ግዙት። ለዳሌ ሬሳ የሚጠናበት ክፍል ግቡ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት የጨጓራውን ማግኔት ሞክሩ፤ የኛ የዶርሙ በር ገጭ ባለ ቁጥር ይወድቃል።