ሊ ሞርጋን እና የሄለን ካሴት

የጃዝ ሰዎች ዘጋቢ ፊልም ብዙ ጊዜ ይሰለቸኛል። አንዱ አዋቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሊቅ ነበር» ይላል፣ ሌላው ተቀብሎ ይደግመዋል። የካስፐር ኮሊን «አይ ኮልድ ሂም ሞርጋን» (2016 እ.ኤ.አ.) ግን አልለቀቀኝም።

ትራምፔት ተጫዋቹ ሊ ሞርጋን በ1972 በ33 ዓመቱ ሞተ። ኒውዮርክ ውስጥ በሚጫወትበት ክለብ የተኮሰችበት አብራው የምትኖረው ሄለን ናት። ፊልሙ ይህን አይደብቅም። የሚይዘን የሄለን የራሷ ድምፅ ነው፤ በ1996፣ ልትሞት አንድ ወር ገደማ ሲቀራት በካሴት የተቀዳ። መጀመሪያ ሲገናኙ ሊ በዚያ ብርድ ስስ ጃኬት ብቻ ለብሶ ነበር። ካፖርቱን ለሄሮይን ሲል አስይዞታል። ሄዳ አስለቀቀችለት። ከዚያ በኋላ እሱን በእግሩ ያቆመችው፣ ሥራውንም መልሳ ያስነሳችው እሷ ናት። ታዲያ በዚህች ሴት ላይ እንዴት ይፈረዳል? እኔ አቃተኝ።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ዌይን ሾርተርም ይናገራል፤ ወጉ ደስ ይላል። የሙዚቃ አሳታሚው የብሉ ኖት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ደግሞ ለብቻቸው ይበቃሉ።

ቅር ያለኝ ሙዚቃው ነው። ሶሎው፣ ብቻውን የሚነፋው ክፍል፣ ሞቅ ሲል ወሬ ይገባበታል። የሚደጋገመው የበረዶ ምስልም በዛ፤ ገብቶናል እኮ! ካሴቱ ስለሚሻክር በጆሮ ማዳመጫ እዩት።